ከግድቡ እስከ አምፖሉ፦ የኤሌክትሪክ መስመር ታሪክ አጭር ቅኝት

አማርኛችን ኤሌክትሪክን የሚጠራው በመጀመሪያ ሥራው ነው። ምጣዱ፣ ወፍጮው፣ ማቀዝቀዣው፣ የሐኪም ቤቱ የኦክስጅን ማሽን ሁሉ በኤሌክትሪክ ቢሠሩም ስሙ «መብራት» እንደ ሆነ ቀርቷል። መሥሪያ ቤቱም ስሙ ስንት ጊዜ ቢለዋወጥ በሕዝቡ አፍ ያው «መብራት ኃይል» ነው። «መብራት ሄደ»፣ «መብራት መጣ» እንላለን፤ ስለ እንግዳ እንደምንናገር። የእንግዳው መምጣትና መሄድ የሚያስጨንቀንን ያህል ግን የሚመጣበትን መንገድ ጠይቀን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ስለ ግድብ ብዙ ተብሏል፤ ተዘፍኗልም። በስደት ከምንኖረውም ከፊሉ ቦንድ ገዝቶለታል፣ ከፊሉ ተሟግቶበታል። ስለ ሽቦው፣ ስለ ምሰሶው፣ ስለ ትራንስፎርመሩ የዘፈነም የተሟገተም የለም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መሐንዲስ አይደለም፤ ሐኪም ነው። ሐኪም ግን ስለ መስመር የሚያስብበት በቂ ምክንያት አለው። ልብ የቱን ያህል ብርቱ ቢሆን ደሙ በቀጫጭን ሥሮች እስከ ጣት ጫፍ ካልደረሰ ጣቱ ይሞታል፤ የልቡ ብርታት ለጣቱ አይቆጠርለትም። የኤሌክትሪክን ታሪክ በዚህ ዐይን ስንመለከተው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ኃይልን ማመንጨት የውሃ፣ የእሳትና የብረት ሥራ ነው፤ ኃይልን ማድረስ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የሰዎች ስምምነት ሥራ ነው። ስምምነቱ በጎደለበት ቦታ ሁሉ ጨለማው ከግድቡ ሥር ሳይቀር ይጀምራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአንድ ሰፈር ያላለፈ ብርሃን

ቶማስ ኤዲሰን በኒውዮርክ ከተማ በፐርል ጎዳና የኃይል ማመንጫ ጣቢያውን የከፈተው ሴፕቴምበር 4 ቀን 1882 ነው። ጣቢያው በድንጋይ ከሰል በሚሠሩ የእንፋሎት ሞተሮች እየተንቀሳቀሰ፣ ዲሲ የሚባለውንና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ በ110 ቮልት ያመነጭ ነበር። ይሁንና ያ ሁሉ የተደነቀለት ብርሃን ያዳረሰው ከአንድ ማይል ካሬ ያልበለጠ የከተማ ክፍል ነው። ከዚያ ርቆ የሚኖር ሰው የራሱ ማመንጫ በሰፈሩ ካልተተከለለት በቀር ከኤዲሰን ብርሃን ተካፋይ ሊሆን አይችልም ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤሌክትሪክን በቦይ እንደሚሄድ ውሃ ብናስበው ቮልቴጁ ግፊቱ ነው፤ በአምፔር የሚለካው ደግሞ የሚፈሰው መጠን ነው። የሚደርሰው ኃይል የሁለቱ ብዜት ነው። ነገር ግን ሽቦው በየመንገዱ እንደ ተተከለ ኬላ ቀረጥ ይቀበላል፤ የሚቀበለውም በሙቀት መልክ ነው። የቀረጡ ሕግ ደግሞ ጨካኝ ነው። ፍሰቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ቀረጡ አራት እጥፍ፣ ፍሰቱ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ቀረጡ መቶ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ግፊቱን ዐሥር እጥፍ ከፍ አድርጎ ፍሰቱን ወደ ዐሥረኛው የሚያወርድ ሰው ያንኑ ኃይል በዚያው ሽቦ ልኮ የሚከፍለው ቀረጥ የቀድሞውን መቶኛ ብቻ ይሆናል። ረጅም መንገድ ከፍተኛ ቮልት የሚፈልገው ለዚህ ነው። ከፍተኛ ቮልት ግን ወደ መኖሪያ ቤት ቢገባ ቤቱንም ባለቤቱንም ያቃጥላል። ችግሩ እንግዲህ ግፊቱን በመነሻው ላይ ከፍ፣ በመድረሻው ላይ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ማግኘቱ ላይ ነበር።

መሣሪያው ትራንስፎርመር ነው። በዚያ ዘመን በተለያዩ አገሮች ብዙዎች ቢደክሙበትም፣ ዛሬ በየመንደሩ ምሰሶ ላይ የምናየው ዐይነት አባት የሚባለውን በ1885 በቡዳፔስት የሠሩት የጋንዝ ፋብሪካ መሐንዲሶች ዚፐርኖቭስኪ፣ ብላቲና ዴሪ ናቸው። እኔ ሕክምና የተማርሁት በቡዳፔስት ነው፤ «ጋንዝ» የሚለው ስም በየዕለቱ በምሳፈርበት የከተማ ትራም ላይ ተጽፎ አየው ነበር። የአገራችንን መንደር ሁሉ የሚመለከት መሣሪያ የወጣው ከዚያ ስም ጀርባ መሆኑን ያወቅሁት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ትራንስፎርመር የሚሠራው አቅጣጫው በየቅጽበቱ በሚቀያየር ኤሌክትሪክ፣ ማለትም በኤሲ ብቻ ነው። ስለዚህ በኤዲሰን ዲሲና በዌስቲንግሃውስና በቴስላ ኤሲ መካከል በአሜሪካ የተነሣው ዝነኛ ፉክክር በመሠረቱ የርቀት ጥያቄ ነበር ማለት ይቻላል፦ ብርሃኑ ከሰፈር ይውጣ ወይስ አይውጣ?

መልሱን ለዓለም ያሳየው በ1891 በጀርመን የተደረገው ሙከራ ነው። በፍራንክፈርት ከተማ የኤሌክትሪክ ዐውደ ርእይ ይዘጋጅ ነበር። የዐውደ ርእዩ መሪ ኦስካር ፎን ሚለር ኃይሉ እዚያው እንዲመነጭ አላደረገም። በኔካር ወንዝ ላይ ከምትገኘው ከላውፈን ከተማ 175 ኪሎ ሜትር በሽቦ ተጉዞ እንዲመጣ አደረገ። ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ የተባለው በሩሲያ የተወለደ መሐንዲስና ስዊዘርላንዳዊው ቻርልስ ብራውን ማሽኖቹን ሠሩ፤ በመስመሩ የሄደው ግፊትም ወደ 15 ሺሕ ቮልት ነበር። መስመሩ የተለያዩ የጀርመን ግዛቶችን ወሰን ስለሚያቋርጥ ከየመንግሥታቱ ፈቃድ ማግኘት ግድ ነበር። በበጋው ወራት ኃይሉ ደረሰ፤ ከላውፈን ከተላከው ወደ ሦስት አራተኛው ገደማ በፍራንክፈርት ተገኘ። ከወንዙ የመጣው ኃይል አንድ ሺሕ አምፖል አበራ፤ በዐውደ ርእዩ ግቢ የተሠራውን ሰው ሠራሽ ፏፏቴም አንቀሳቀሰ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1896፣ የናያግራ ፏፏቴ ኃይል ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የቡፋሎን ከተማ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ከተማ ወደ ወንዝ መሄድ አላስፈለጋትም።

«ቋት» የሚለው ስም የሚደብቀው ነገር

ዛሬ አንድ አምፖል ሲበራ ኃይሉ የመጣበት መንገድ በየትም አገር ይህንኑ ይመስላል። በማመንጫው በር ላይ ትራንስፎርመር ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል፤ በአገራችን 132፣ 230፣ 400 ወይም 500 ሺሕ ቮልት ድረስ። ኃይሉ በብረት ማማዎች ላይ በተዘረጉት የማስተላለፊያ መስመሮች አገር አቋርጦ ወደ ከተማ ዳር ማከፋፈያ ጣቢያ ይደርሳል። እዚያ ወደ 33 ወይም ወደ 15 ሺሕ ቮልት ይወርድና በየጎዳናው ምሰሶ ላይ ይሠራጫል። በመጨረሻም ሰፈር ውስጥ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ወደ 220 ቮልት አውርዶ በቆጣሪ በኩል ወደ ቤት ያስገባዋል። ዐቢይ የደም ሥር፣ ንዑስ የደም ሥር፣ ቀጭን የደም ሥር እንደ ማለት ነው። በገላችንም ውስጥ ግፊቱ ከልብ ሲወጣ ከፍተኛ ሆኖ ቀጭኑ ሥር ጋ ሲደርስ ይወርዳል፤ ባይወርድ ኖሮ ቀጭኑ ሥር ይፈነዳ ነበር።

የአሜሪካ ኗሪዎች ለዘመድ የላኩት የቤት ዕቃ አዲስ አበባ ደርሶ ሲቃጠል የሚገረሙበት ነገርም ከዚሁ ታሪክ የመጣ ነው። አሜሪካ የኤዲሰንን 110 ቮልት ይዛ ቀረች፤ በኋላም በመጠኑ ከፍ አደረገችው። የበርሊን ኤሌክትሪክ ድርጅት ግን በ1899 ወደ 220 ቮልት ለመለወጥ ወሰነ። በመዳብ ሽቦው ላይ የሚያተርፈው ገንዘብ የደንበኞቹን ዕቃ የመለወጡን ወጪ የሚሸፍን ሆኖ አግኝቶት ነበር። አውሮፓ በዚያው መንገድ ሄደች፤ ከአውሮፓ የተቀበልነውም እኛ ያንኑ ይዘናል።

ይህን ሁሉ የሚያገናኘውን መረብ ጋዜጦቻችን «ብሔራዊ የኃይል ቋት» ይሉታል። ስሙ ያማረ ነው፤ ግን ያሳስታል። ቋት በወፍጮ ቤት ዱቄቱ የሚጠራቀምበት ነው፤ ዛሬ የተፈጨው ለነገ ይቀመጥበታል። የኤሌክትሪክ መረብ ግን ምንም አያስቀምጥም። በእያንዳንዷ ሴኮንድ የሚመነጨውና የሚበላው እኩል መሆን አለበት። እውነተኛው ቋት ከግድቡ ኋላ የተኛው ውሃ ነው። ሚዛኑ መጠበቁን የሚናገር የልብ ትርታ አለ። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የአሜሪካው 60 ጊዜ። ፍላጎት ከአቅርቦት ሲበልጥ በአገሪቱ ያሉት ማመንጫዎች በሙሉ በአንድነት ይደክማሉ፤ ትርታው ከ50 ይወርዳል። እጅግ ከወረደ ማሽኖቹ ራሳቸውን ለማዳን ከመስመሩ ይወጣሉ፤ የቀሩት ሸክሙ በዝቶባቸው ይከተላሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ አገር ይጨልማል።

ይህ እንዳይደርስ መቆጣጠሪያ ክፍሉ አንዳንድ ሰፈሮችን አስቀድሞ ይቆርጣል። እኛ «ፈረቃ» የምንለው ይህንን ነው። ለሐኪም እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ገላ ለቆዳና ለአንጀት የሚሄደውን ደም ዘግቶ ለልብና ለአንጎል ያተርፋል፤ የበሽተኛው እጅ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ብልኅ ሥርዓት ነው፤ ሆኖም ለሰዓታት እንጂ ለዓመታት የተሠራ አይደለም። አገርም በፈረቃ ስትኖር ልትጠየቅ የሚገባት ጥያቄ አለ፦ ልብና አንጎል ተብሎ የሚተርፈው ማን ነው? ቆዳ ተብሎ የሚቀዘቅዘውስ?

ስምምነት ያበራቸው አገሮች

እንግሊዝ የኢንዱስትሪ እናት ስትባል ኖራ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። በለንደን ብቻ በርካታ ድርጅቶች ኤሌክትሪክ ይሸጡ ነበር። ሃያ አራት ዐይነት ቮልቴጅና ዐሥር ዐይነት ትርታ ስለ ነበራቸው ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው አምፖሉን ይዞ መሄድ እንኳ አይጠቅመውም ነበር። እያንዳንዱ የሰፈር ምክር ቤት የራሱን ማመንጫ እንደ ርስቱ ይጠብቃል። ይህን የሰበረው በ1926 የወጣው የኤሌክትሪክ ሕግ ነው። በሕጉ የተቋቋመው ማዕከላዊ ቦርድ ማመንጫዎቹን ከባለቤቶቻቸው አልነጠቀም፤ በ132 ሺሕ ቮልት መስመር አገናኛቸው፤ ርካሽ የሚያመነጨው እንዲያመነጭ፣ ውድ የሆነው እንዲያርፍ አደረገ። የብረት ማማዎቹ የገጠሩን መልክ ያበላሻሉ ብለው የጮኹ ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። ቢሆንም ዐሥር ዓመት ሳይሞላ የመረቡ ዋና አካል ሥራ ጀመረ።

የአሜሪካ ትምህርት ደግሞ ስለ መጨረሻዋ ሽቦ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከተሞቿ በብርሃን ሲጥለቀለቁ ኤሌክትሪክ የነበረው የገበሬ ቤት ከዐሥር አንዱ ብቻ ገደማ ነው። ኃይል አልጠፋም፤ የኃይል ኩባንያዎቹ መልስ ግን «ቤቶቹ ተራርቀዋል፤ አያዋጣም» የሚል ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1935 ያቋቋሙት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደር በዝቅተኛ ወለድ ገንዘብ አበደረ፤ ገበሬዎቹ ራሳቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር መሥርተው ምሰሶ ተከሉ፤ ሽቦ ዘረጉ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከዐሥር ገበሬ ዘጠኙ መብራት ነበረው። ከእነዚያ ማኅበራት ብዙዎቹ ዛሬም ይሠራሉ። የአሜሪካን ገጠር በዚህ ዐይን ለተመለከተው ሰው፣ ከየመንገዱ ዳር ያ የተንጋደደ የእንጨት ምሰሶ ከታላላቆቹ ግድቦች የማያንስ ሐውልት ነው።

መገናኘት አደጋም አለው። ኦገስት 14 ቀን 2003 በኒውዮርክም ሆነ በቶሮንቶ የነበሩ ወገኖቻችን ያን ምሽት አይረሱትም። በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በሙቀትና በጭነት የረገቡ መስመሮች ሳይከረከሙ ያደጉ ዛፎችን ነኩ፤ የማስጠንቀቂያው ኮምፒዩተር መሥራት አቁሞ ስለ ነበር ተቆጣጣሪዎቹ አላወቁም። ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ጨለማ ዋጠው። የዓለምን ባለጸጋ አገር ያጨለመው የግድብ ወይም የነዳጅ እጦት አልነበረም፤ ዛፍ የሚከረክም ሰውና የሚሠራ ደወል እጦት ነው።

የእኛ መስመር

ወደ አገራችን ስንመለስ ብርሃኑ የጀመረው ከቤተ መንግሥት ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ግድም ጀነሬተር የዳግማዊ ምኒልክን ግቢ አበራ። በ1932 በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ አቅሙ ስድስት ሜጋ ዋት ግድም ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ኤሌክትሪኩን ኮኒኤል ለተባለ ኩባንያ ሰጠች። ከነጻነት በኋላ ንብረቱ ወደ መንግሥት ተመልሶ በ1948 አንድ መሥሪያ ቤት ተቋቋመለት፤ በ1956 ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተባለ። «መብራት ኃይል» የሚለው የአፍ ስም የቀረው ከዚህ ነው።

መስመር በእውነት መስመር የሆነው በ1960 ነው። በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ የተገነባው ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው ካሣ መሆኑን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን። 43 ሜጋ ዋቱ በ132 ሺሕ ቮልት ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ፣ የመርዝ ጭስ የወረደባት አገር ካሣ በሽቦ መጥቶ በአምፖል በራ ማለት ይቻላል። በ1973 ፊንጫ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ መልካ ዋከና ተከተሉ። እያንዳንዳቸው አዳዲስ ከተሞችን ከመረቡ ጋር አገናኙ። ከመረቡ ውጭ የቀሩት ብዙ ከተሞች የየራሳቸው የናፍጣ ሞተር ነበራቸው፤ ሞተሩም በምሽት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚያበራባቸው ነበሩ። እነዚህ ከተሞች የኤዲሰንን የፐርል ጎዳና ኑሮ መቶ ዓመት ዘግይተው የኖሩ ናቸው። ገበሬው ደግሞ ሁለቱንም አላየም። በማሳው ላይ የሚያልፈው ከፍተኛ መስመር የሚንጫጫ ድምፅ እንጂ ብርሃን አልሰጠውም። ከብዙ ሺሕ ቮልት ወደ 220 የሚያወርድለት ጣቢያና ትራንስፎርመር ስላልተተከለ፣ ለእርሱ ያ ሽቦ በሰማይ እንደሚያልፍ አውሮፕላን ነው።

ባለፉት ሃያ ዓመታት ሚዛኑ ተለውጧል። ተከዜ፣ በለስ፣ ጊቤ ሁለት ተሠሩ። ጊቤ ሦስት በ1,870 ሜጋ ዋት ተከተለ። በ2011 የተጀመረው የዐባይ ግድብ በሴፕቴምበር 2025 ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ኃይሉን ወደ መሀል አገር የሚያመጣው የ500 ሺሕ ቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል እስከ ሆለታ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከአንድ ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው ሌላው መስመር ከ2022 ጀምሮ ለኬንያ ኃይል እየሸጠ ነው። ይህኛው መስመር የሚጠቀመው ዲሲን መሆኑ ታሪክ ያሾፈበት ያስመስለዋል። ለዚህን ያህል ርቀት ዛሬ የሚያዋጣው እጅግ ከፍተኛ ግፊት ያለው ዲሲ ነው። ኤዲሰን በርቀት ተሸንፎ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በርቀት ተመለሰ።

ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በዚያው አገር ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው መብራት አልገባለትም። ልቡ ብርቱ ነው፤ ዐቢዩ የደም ሥር ተዘርግቷል፤ ቀጭኑ ሥር ግን ጣቱ ጋ አልደረሰም። መስመር ለማድረስ ብቻ ሳይሆን ለመንፈግም መሣሪያ እንደሚሆን ደግሞ በዐይናችን አይተናል። በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ክልሉ ከመብራትም፣ ከስልክም፣ ከባንክም ተለያየ። መቀሌ ከብሔራዊው መረብ ጋር ዳግም የተገናኘችው በዲሴምበር 2022 ነው። የተከዜ ግድብ የሚገኘው በዚያው አካባቢ ነው፤ ግድብ በአጠገብ መኖሩ ብርሃን መኖር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። መብራት በሌለበት ሆስፒታል የኦክስጅን ማሽኑ ይቆማል፤ ሕፃናት ማሞቂያው ይቀዘቅዛል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት መቀመጥ ያለበት ክትባት ይበላሻል። ጥፋተኛው ማን ነው በሚለው ላይ አንባቢዎች የተለያየ አቋም እንደሚኖራቸው አውቃለሁ። ሐኪም ሁሉ የሚስማማበት አንድ ነገር ግን አለ፦ የሆስፒታል መስመር የጦር መሣሪያ ሊሆን አይገባም።

ስለ መጨረሻዋ ሽቦ

በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ለአገራችን ስንሰጥ ትልቁን እንወዳለን። ግድብ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሪባን ይቆረጥለታል። በአንዲት የወረዳ ጤና ጣቢያ ደጅ ለሚተከል ትራንስፎርመር ግን የሚቆረጥ ሪባን የለም። ሆኖም በሌሊት ምጥ የያዛት እናት ደም ስትፈስ፣ አዋላጇ የምትፈልገው የስፌት ክሯን የምታይበት አንድ አምፖል ነው። አዋላጇ የስልኳን መብራት በጥርሷ ይዛ የምትሠራ ከሆነ፣ በጉባ የሚሽከረከረው ተርባይን ለዚያች እናት የለም ማለት ነው።

እርግጥ መስመሩ በየተራራው ጫፍ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። ዛሬ በፀሐይ የሚሠሩ አነስተኛ የመንደር መረቦች አሉ፤ ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ብዙ ይጠቅማሉ። ነገር ግን ወፍጮውን፣ ፋብሪካውንና ሆስፒታሉን የሚሸከመው፣ የአንዱ ክልል ዝናብ ሲያጥር ከሌላው ወንዝ የሚያበድረው ታላቁ መረብ ነው። መረቡ እንዲደርስ የሚያስፈልገው ደግሞ የእንግሊዝም የአሜሪካም ታሪክ ያሳየን ነው፦ በሰፈር ርስት የማይታሰር ሕግ፣ ለመጨረሻዋ ሽቦ የሚያበድር ገንዘብ፣ ዛፉን በጊዜው የሚከረክም ሠራተኛ፣ ምሰሶውን የራሱ አድርጎ የሚጠብቅ መንደር። የገንዘቡን ጉዳይ በሚመለከት እኛም ድርሻ ይኖረናል። በየከተማው ያሉት ማኅበሮቻችን ለአንድ ጤና ጣቢያ የትራንስፎርመርና የሽቦ ወጪ ቢያዋጡ፣ ቦንድ የገዛውም ያልገዛውም ሳይከራከር የሚስማማበት ሥራ ይሆናል። ወደፊት ስለ አገራችን ኃይል ስንወያይም ስንት ሜጋ ዋት እንደ ተመነጨ ከጠየቅን በኋላ፣ ስንት ቤትና ስንት ጤና ጣቢያ እንደ ደረሰ መጠየቁን አንርሳ።